ሥር በውኃ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል?

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ «ሁሉም ሰው የሚገባውን ተናገር» የሚል ማስጠንቀቂያም ጨምረውበታል። ትክክል ናቸው። ከመካከላችን ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ነጋዴ አለ። ዕፅዋት የተማርነው ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ዛሬ የማወራላችሁ ሁላችሁም በዓይናችሁ ስላያችሁት ነገር ነው፤ ምናልባት ከመሬት በታች ያለውን ግማሹን ግን አላያችሁትም።

የቢቸናና የሞጣ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ነሐሴን አስታውሱ። የቢቸና ሜዳ አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ወደ ታች ማስረግ ያቆማል። ቀድሞ የተዘራ ስንዴ ካለበት ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይባስ ብሎም ይጠወልጋል። ውኃ ውስጥ ቆሞ ውኃ እንዳጣ ሰብል ይሆናል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ለሰው ነው የምንተርተው፤ ለስንዴው ግን ተረት ሳይሆን እውነት ነው።

ገበሬው «ውኃ በላው» ይላል። እኛ የተማርነውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው እንላለን። የዛሬው ንግግሬ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ሥሩን የገደለው ውኃው አይደለም፤ የአየር እጦት ነው። ይህን በትክክል ከተረዳን ለዋልካ መሬት የምንፈልገውም መፍትሔ ይለወጣል።

ሥር ለምን አየር ይፈልጋል?

ቅጠል ምግብ ይሠራል፤ ሥር ግን ከቅጠል የወረደለትን ስኳር አቃጥሎ ነው የሚኖረው። ለማቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል። በደህና አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በአየር የተሞላ ስለሆነ ችግር የለም። ዝናብ ክፍተቱን ሲሞላው ግን ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ አንድ ሊትር አየር ወደ 210 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ውኃ ግን በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ እንኳ የሚይዘው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰርገው በአየር ውስጥ ከሚሰርገው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያንም ይተነፍሳሉ፤ የቀረችውን በሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሷታል። ከላይ የሚተካ የለም።

ያን ጊዜ ሥሩ ምን ይሆናል? ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በኦክስጅን 30 ገደማ የኃይል ሳንቲም (ኤቲፒ የምንለውን) ያገኝ የነበረ ህዋስ፣ ያለ ኦክስጅን 2 ብቻ ያገኛል። ደመወዙ በአንድ ቀን ከ30 ወደ 2 የወረደበትን ሰው አስቡት። ህዋሱ ውስጡ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ውኃ የሚያስገቡትን በሮች ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ነው ስንዴው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልገው። ናይትሮጅን ማንሳቱም አብሮ ይቆማል፤ ቢጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚህ ሰዓት ማዳበሪያ መጨመር ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው ምግብ እንደማቅረብ ነው።

ቄጠማና ደንገል ለምን አይሞቱም?

አሁን ደግሞ ከማሳው ወርዳችሁ ወደ ወንዙ ዳር ሂዱ። እዚያ ቄጠማ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ እግሩ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ለምለም ነው። ቄጠማን የማያውቅ የለም፤ ለቡናው ይጎዘጎዛል፣ በቀዳም ሹር በራሳችን ላይ እናስረዋለን። የኖኅ እርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችው ለምለም ቄጠማ ይዛ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። የዕፅዋት ተማሪ ሆኜ ሳስበው ምርጫው ደስ ይለኛል፤ ከጥፋት ውኃ በኋላ ለምልሞ የሚገኝ ተክል ቢኖር ቄጠማ ነው!

በየጠረጴዛው ላይ ቁራጭ የደንገል ግንድ አስቀምጠናል። ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። እስቲ አንሱት፤ ምን ያህል እንደሚቀል አያችሁ? አሁን የተቆረጠበትን በኩል ተመልከቱ። ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ፣ በቀዳዳ የተሞላ ነው። የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ነው። ተክሉ ግን ይህን የሠራው ለእኛ ታንኳ ብሎ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ከቅጠልና ከግንድ ጀምረው ጭቃ ውስጥ እስከተቀበረው ሥር ድረስ የሚወርዱ የአየር ቧንቧዎች ናቸው። በሳይንስ ኤረንካይማ ይባላሉ፤ እኔ ዛሬ የአየር ክፍተት እላቸዋለሁ።

ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከረግረግ ውስጥ አንድ ቄጠማ ወይም ሩዝ ነቅላችሁ ሥሩን አጥቡት። ጭቃው ግራጫና የሚሸት ሆኖ ሳለ፣ በሥሩ ዙሪያ የዛገ ብረት የመሰለ ቀይ ሽፋን ታያላችሁ። ሥሩ ያፈሰሰው ኦክስጅን በጭቃው ውስጥ የሟሟውን ብረት አዝጎት ነው። ከቅጠል የወረደ አየር እዚያ ድረስ መድረሱን ብረቱ መሰከረ ማለት ነው።

ክፍተቱ እንዴት ይሠራል?

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሰላም መንገድ ነው፤ ህዋሶች ሳይሞቱ ግድግዳቸው እየተላቀቀ ይራራቃሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ቅቤ ስናነጥር የምንጨምረው መቅመቆ በአውሮፓ ረግረግ የሚበቅሉ ዘመዶች አሉት፤ እነርሱ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ሁለተኛው የመሥዋዕትነት መንገድ ነው። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ በዚህ ይሄዳሉ። በሥሩ ቆዳና በመካከለኛው አስኳል መካከል ኮርቴክስ የሚባል ወፍራም ሥጋ አለ። የዚህ ሥጋ ህዋሶች ከፊሎቹ ራሳቸውን ገድለው ይሟሟሉ፤ ቦታቸውን አየር ይይዘዋል። የቀሩት እንደ ጋሪ ጎማ ራጂ ተዘርግተው ሥሩን ደግፈው ይይዛሉ። እዚህ ላይ ሞቱ በሽታ አይደለም። ትእዛዝ የተሰጠበት፣ የትኛው ህዋስ እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር የታወቀበት ሞት ነው። ጥቅሙ ደግሞ እጥፍ ነው፤ አየር ማለፊያ ይከፈታል፣ የሚተነፍሰው ህዋስ ቁጥርም ይቀንሳል።

ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ማን ነው? ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ፣ ኤቲሊን ነው። ሥር ሁልጊዜ ጥቂት ኤቲሊን ይሠራል፤ በደህና አፈር ውስጥ በኖ ይሄዳል። ውኃ ሲከበው መውጫ ያጣና ሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ተክሉ «በውኃ ተከብቤያለሁ» የሚለውን የሚያውቀው በራሱ በታፈነው ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዝ አገር በሌትኮም ላቦራቶሪ ማልኮልም ድሩ፣ ማይክል ጃክሰንና ባልደረባቸው በበቆሎ ሥር ላይ ኤቲሊን አዲስ ሥርም ሆነ የአየር ክፍተት እንደሚያመጣ አሳዩ። ኤቲሊንን እንዳይሰማ የሚያደርግ የብር ጨው ሲሰጠው ክፍተቱ እንደማይሠራም ከዚያ በኋላ ታየ።

አንድ ነገር ላይ ትኩረታችሁን እፈልጋለሁ። ኤቲሊንን ለመሥራት ራሱ ጥቂት ኦክስጅን ያስፈልጋል። ኦክስጅኑ ፈጽሞ ካለቀ ትእዛዙም አይወጣም፣ ክፍተቱም አይሠራም። ስለዚህ ውኃው ቀስ እያለ የመጣበት ሥር የመዘጋጃ ጊዜ ያገኛል፤ በድንገት የተዋጠው አያገኝም። ሩዝና ደንገል ግን ትእዛዝ አይጠብቁም፤ ውኃ ይምጣ አይምጣ ክፍተቱን ቀድመው ይሠራሉ፣ ውኃ ሲመጣ ያሰፉታል። ሠርግ ሲደርስ ድንኳን የሚፈልግና ድንኳኑን ጓዳው ያስቀመጠ ልዩነት ነው።

ቧንቧው የሚያፈስ ከሆነስ?

«ታዲያ ስንዴም ክፍተት ይሠራል ካልክ ለምን ይሞታል?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከሞጣ በስተሰሜን በዓባይ ላይ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራውን ድልድይ ታውቁታላችሁ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰና ሰባራ ድልድይ ተባለ። በዚህም በዚያም ያሉት ቅስቶች ቆመው ሳለ፣ ሰው ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን የሚያልፈው በገመድ እየተጎተተ ነበር። የድልድይ ጥቅሙ የሚለካው በቆመው ድንጋይ ብዛት አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር በማድረሱ ነው። ሥርም እንደዚሁ ነው። አየር የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ጫፉ ነው፤ የሚያድገው እዚያ ስለሆነ።

የስንዴ ሥር በደህና አፈር ላይ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ክፍተት አለው፤ ውኃ ሲይዘው አዲስ ሥር ያወጣና ከመቶ 15 ወይም 20 ሊያደርሰው ይችላል። ይሁን እንጂ ግድግዳው ያፈሳል። ከላይ የወረደው ኦክስጅን ጫፉ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ወደ ጭቃው ይወጣል። ስለዚህ ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ የስንዴ ሥር ከአንድ ስንዝር በላይ መውረድ ያቅተዋል። የሩዝ ሥር ክፍተቱ ሲሶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ላይ ከላይኛው የሥሩ ክፍል የውጪውን ህዋሶች ሱበሪን በሚባል፣ ቡሽን ቡሽ በሚያደርገው ነገር ይለስናቸዋል። ጫፉ አካባቢ ብቻ ክፍት ይተዋል። ቧንቧው በመንገድ አያፈስም፤ አየሩ እስከ ዳር ይደርሳል። በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ቲም ኮልመርና ባልደረቦቻቸው ይህን ልስን በሩዝ ላይ በዝርዝር አጥንተውታል።

ሰባራውን ድልድይ ተሻግረን፣ ደራን አልፈን ወደ ጣና ስንወርድ የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ጉማራና ርብ ክረምት ክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ቀድሞ በዚያ ሩዝ አልነበረም፤ የዱር ሩዝ ግን በራሱ ጊዜ ይበቅል ነበር። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግና ኅብረት ሥራ ተሞክሮ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ተስፋፋ። ዛሬ ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ውኃውን ማንም አላስወጣውም፤ ቧንቧው የማያፈስ ሥር ያለው ሰብል ነው የመጣው።

ወደ ቢቸና እንመለስ

ፎገራ ላይ የተሠራው ቢቸና ላይ እንዳለ አይገለበጥም። ቢቸና ደጋ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ የቢቸና ሰው ደግሞ ጤፉንና ስንዴውን ይፈልጋል። አገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር ገደማ ጥቁር የዋልካ አፈር አላት፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ነው። ገበሬያችን ለዚህ አፈር ከጥንት ጀምሮ ሦስት መልስ አለው።

አንደኛው ሰብል መምረጥ ነው። ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ውኃ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዋልካው ላይ የነገሠው። ጓያም ይችላል፤ ግን ሲበዛ እግር ያሽመደምዳል፣ ይህን አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች።

ሁለተኛው ማፍሰስ ነው። ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ሥሩን ከውኃው በላይ ከፍ ያደርገዋል። በሰሜን ሸዋ ኢነዋሪ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እየዛቁ ሰፋፊ መደብ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኢልካ፣ ኢክሪሳት፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ሚኒስቴርና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ በጋራ በጀመሩት የዋልካ አፈር ፕሮጀክት ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ፤ ገበሬው «ቢቢኤም» ይለዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ለበሬ ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኔ ፈሰስ የሚፈስሰው የጎረቤቴ ማሳ ላይ ነው። ከመካከላችን ያሉት ዳኞች በዚህ ጉዳይ ስንት መዝገብ እንዳዩ ይንገሩን። መውረጃው በጋራ ካልታሰበ ፈሰስ ከሥር ያወጣውን ውኃ ወደ ቦረቦር ይለውጠዋል።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። ዝናቡ እስኪያበቃ ድረስ ማሳውን አርሶ ባዶውን ያቆየዋል፤ መስከረም ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ብልህ መልስ ነው፤ ሥሩን ከመታፈን ያድነዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ከሁሉ የሚከፋበት ጊዜ፣ መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ነው የሚያሳልፈው። አፈሩ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ቀጭን ሥር ውስጥ ያለው የአየር ጉዳይ ከሰብል ጉዳይ ያልፋል፤ የአፈራችን ጉዳይ ነው።

አራተኛው መልስ

አራተኛው መልስ የሥሩን ቧንቧ ማሻሻል ነው። ሕልም አይደለም። በኒካራጓ ረግረግ የሚበቅል የበቆሎ የዱር ዘመድ አለ፤ የአየር ክፍተቱን ቀድሞ ይሠራል፣ ግድግዳውንም ይለስናል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ የያዘውን የዘር ክፍል በማዳቀል ወደ በቆሎ ሲያስገቡ ቆይተዋል። የባሕር ገብስ የሚባል የዱር ሣርም ከስንዴ ጋር ተዳቅሏል፤ ልስኑ በድቅሉ ላይ ታይቷል። በገብስም ቶሎ ክፍተት የሚሠራበት ዘረ መል በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ መኖሩ ታውቋል፤ ከተገኘባቸው አንዱ የቻይና የገበሬ ዝርያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የገብስ ሀብት የማን ነው? ዓለም የገብስን ቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚከላከልበት ዘረ መል ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። አመዳይ የሚባለውን በሽታ የሚከላከለውም ከእኛው ገበሬ ማሳ የተወሰደ ነው። የዕፅዋት ዘር ማዕከላችን፣ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ያሰባሰበው ዘር በሺህ የሚቆጠር ነው። በጮቄ ግርጌ፣ በእርጥብ ማሳ ላይ ለብዙ ትውልድ የተዘራ ገብስ ሥሩ ውስጥ ምን ይዞ ይሆን? ይህን በወሬ አናውቀውም፤ ቆርጠን ማየት አለብን።

«ድርቅ ባለበት አገር ስለ ውኃ ብዛት ምን አስጨነቀህ?» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ ጆናታን ሊንች የተባሉ ተመራማሪ ብዙ የአየር ክፍተት ያለው በቆሎ በድርቅም እንደሚሻል አሳይተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚተነፍስ ሥጋው ያነሰ ሥር ወጪው ያነሰ ነው፣ በተረፈው ስኳር ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ጉዳት የሌለበት ነገር ግን የለም። ያው ቧንቧ ከረግረግ የሚወጣውን ሚቴን ወደ አየር የሚያወጣ ጭስ ማውጫ ነው፤ ከሩዝ ማሳ የሚወጣው ሚቴን አብዛኛው የሚያልፈው በተክሉ ውስጥ ነው። ሩዝ በተስፋፋ ቁጥር ይህንም አብሮ ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ላጠቃልል። ለመምህራን ያለኝ ልመና ይህ ነው፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ሲመጣላችሁ ነሐሴ ላይ አካፋ አስይዙና ማሳ ላኩት። የሚያስፈልገው ምላጭ፣ አንድ ጠብታ ውኃና ማይክሮስኮፕ ነው። የክፍተቱን መጠን ለመለካት ሥሩን ውኃ ውስጥ መመዘን፣ አየሩን በፓምፕ ስቦ ማውጣትና ዳግመኛ መመዘን ይበቃል፤ ልዩነቱ አየሩ ነው። ምርት ሁላችንም እንመዝናለን፤ ሥር የሚመዝን ግን ያስፈልገናል። በግብርና ቢሮ ላላችሁ፦ ሰብሉ ቢጫ ሲሆን «ማዳበሪያ አነሰው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ተክል ነቅላችሁ አሽትቱት፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ችግሩ አየር ነው። መሐንዲሶች፣ ፈሰስ ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው ሳይሆን ከተራራው እስከ ወንዙ በአንድነት የሚነደፍበትን መንገድ አሳዩን። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፣ ለዲፓርትመንቱ አንድ ደህና ማይክሮስኮፕ ከትልቅ ሐውልት ይሻለዋል።

ደንገሉን ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ልጆቻችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏችሁ፣ የታንኳ እንጨት ነው አትበሏቸው፤ ጭቃ ውስጥ ያለ ሥር የሚተነፍስበት አፍንጫ ነው በሏቸው።